ከቀዩ ቀለበት ውጭ

ሮልፊና የመስታወት ሰሌዳውን ጀርባ በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች። ግራ እጇ ሰሌዳውን በጠርዙ ብቻ ይዞታል፤ ቀኝ እጇ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ይመላለሳል። ፊቱን አትነካም። ሰማዩ ያለው ፊቱ ላይ ነው። ጀርባው ግን የስንት ዘመን አቧራና የሰው ጣት አሻራ ተሸክሟል። እሱ ካልጸዳ፣ ሰሌዳው ስካነር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዷ ጉድፍ ኮከብ ነኝ ብላ ትነሳለች።

"ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ፤ ታደበዝዢዋለሽ" አላት ኤፖ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ።

"አንተ ምድጃህን ጠብቅ።"

"እኔማ እየጠበቅሁ ነው። ሰማይ አጣቢዋ አንቺ ነሽ።"

ክፍሉ ድሮ አይብ የሚመዘንበት ነበር። ከዊንሱም ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ጫፍ የቆመው የወተት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ፣ የሰማይ ማኅበሩ ይህችን ክፍል ተከራይቶ ይሰበሰብባታል። ከሥር የተፈጥሮ ጋዝ ተቆፍሮ ስለሚወጣ መሬቱ ይሰጥማል፤ እንደ ሌላው የአካባቢው ቤት ሁሉ የዚህም ግድግዳ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን አንድ ሰው በጋዜጣ ወትፎታል፤ ነፋስ ሲነሳ ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል።

ሰው የሰማይ ማኅበር ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቆመው የሚያድሩ ይመስለዋል። በዚህ አገር ደመናው መች ይፈቅዳል! የማኅበሩ አባላት ደግሞ አብዛኞቹ ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ከራት በኋላ እግራቸውን ማሞቅ ይወዳሉ። ስለዚህ የሚሠሩት በቀን፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ በሌላ ሰው ሌሊት ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩ ሰዎች በትልቅ ቴሌስኮፕ ሰማዩን በመስታወት ሰሌዳ ላይ ፎቶ አንስተው አልፈዋል። ሰሌዳዎቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቆጥ ላይ ተረስተው ኖሩ። አሁን በየሣጥኑ በውሰት ይመጣሉ። በእነሱ ላይ ብርሃንና ጨለማ ተገለባብጠዋል፤ ሰማዩ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ ከዋክብቱ ደግሞ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጥቁር ናቸው።

አዲስ አስትሮይድ፣ ፀሐይን የሚዞር የሰማይ ድንጋይ፣ በተገኘ ቁጥር ሥራ ይመጣል። ያገኙት ሰዎች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስላዩት ምህዋሩን በደንብ አያውቁትም። ሮልፊና ለአዲስ ሰው ስታስረዳ ክር ታወጣለች። "አንዱን ጫፍ ብቻ ስይዘው አየኸው? እንደፈለገ ይወዛወዛል። ሌላውን ጫፍ ሌላ ሰው ሲይዘው ግን ቀጥ ይላል" ትላለች። ያ ድንጋይ በአጋጣሚ ከረጅም ዘመን በፊት በተነሳ ሰሌዳ ላይ ከተገኘ ሁለተኛው ጫፍ ተያዘ ማለት ነው።

ይህን ያህል መናገሯም ለእሷ ብዙ ነው። ሮልፊና ቃል ከአፏ በመከራ የሚወጣ ሴት ናት። አባቷ በቦዮቹ ላይ ድንችና ጡብ የሚያመላልስ ጀልባ ነበረው። እሷም ጀልባው በቆመበት መንደር ሁሉ ለጥቂት ቀን ትምህርት ቤት እየገባች፣ ስሟን የሚያውቅ ጓደኛ ሳታፈራ እየወጣች አደገች። ኋላ ዊንሱም ውስጥ የክርና የአዝራር ሱቅ ተቀጠረች፤ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስም እዚያው ኖረች። ሁለት ጥቁር ክር አንድ እንዳልሆነ በዓይኗ ለይታ ታውቃለች። ለማኅበሩ ክፍል መስኮት መጋረጃ የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ሊገዛ ሱቁ የመጣው ኤፖ ነበር። ልክ ሳይዝ ስለመጣ ራሷ ሄዳ ለካች፤ ሰፋች፤ ሰቀለች። ስትጨርስ ኤፖ አንድ ሰሌዳ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ አጉሊ መነጽሩን ሰጥቶ "እስቲ እይው" አላት። አየችው። ከዚያ ወዲያ አልቀረችም።

ኤፖ እንደ አባቱ የድልድይ ጠባቂ ነበር። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ያነሳል፤ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ የእንጨት ጫማ አንጠልጥሎ ወደ ጀልባው ያወርዳል፤ ጀልበኛውም ክፍያውን ጫማው ውስጥ ይጥላል። "ያንቺ አባት አንድ ቀን በሳንቲም ፋንታ አዝራር ጥሎ ሄዷል" ይላታል ኤፖ። ይህን ስንት ዘመን ሙሉ እንዳላት እንጃ።

"አባቴ አያደርገውም።"

"አዝራሩ እቤት አለ። ባለ አራት ቀዳዳ ነው።"

ሁለቱ የማኅበሩ ለካኞች ናቸው፤ ድንጋዩ ሰሌዳው ላይ የት እንዳለ ፈልገው ምልክት ያደርጋሉ። ልማዱ ጥብቅ ነው። አንዷ ማክሰኞ ከሰዓት ትለካለች፤ ሌላው ሐሙስ ከሰዓት። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ድንጋዩ ይኖርበታል ተብሎ የተገመተው ቦታ በቀይ ቀለበት ይታያል፤ ለካኙ ቀለበቱን ማጥፋት አለበት። ግምት ዓይንን እየመራ ይወስዳል። ስለ ሥራው እርስ በርስ አይነጋገሩም። ምልክት ያደረጉበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ደብቆ ያቆየዋል። ቅዳሜ ሁሉም ባለበት የማኅበሩ ጸሐፊ ቤረንድ ይከፍተዋል። የእሷ አረንጓዴ ነው፤ የእሱ ሰማያዊ። ሁለቱ ከተጠጋጉ ምህዋሩን ለሚያሰሉት ሰዎች ይላካል። ካልተጠጋጉ የሁለቱም ይቀራል። ውጤቱን አንዴ ያየ ሰው ደግሞ ያንን ሰሌዳ ዳግመኛ አይለካም፤ ዓይኑ ተበላሽቷል ይባላል።

በዚያ መጋቢት የያዙት ድንጋይ ቤረንድ "ቸኳዩ" ብሎ የሰየመው ነበር። በመኸር ተገኘ፤ እየራቀ፣ እየደበዘዘ ሄደ። ከፋሲካ በፊት የት እንዳለ ቁርጡ ካልታወቀ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ወዴት እንደሚያነጣጥሩ አያውቁም፤ ይጠፋል።

ማክሰኞ ሮልፊና ቀለበቱን አጥፍታ፣ ጨርቅ ላይ የተሳበ ክር እንደምትፈልግ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር ሄደች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ከታች በኩል አንዲት ነገር አገኘች። ክብ አይደለችም፤ አጭር፣ ዘንበል ያለች ሰረዝ ናት፤ የተሰበረች የሩዝ ፍሬ ትመስላለች። ሰሌዳው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለቆየ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲህ ይሳባል። የዚያኑ ሰማይ ሌላ ዓመት የተነሳ ሰሌዳ አውጥታ አየች። ሰረዙ እዚያ የለም። ምልክቷን አድርጋ፣ ለማንም ሳትናገር በብስክሌቷ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ቤረንድ ምልክቶቹን ከፈተ። አረንጓዴው ከታች ታየ። ሰማያዊው ግን ሩቅ ነበር፤ በቀዩ ቀለበት መሃል፣ ልክ በመሃሉ ተተክሏል። ከሥሩ ምንም የለም። ግራጫ፣ ንጹሕ ሰማይ።

"ኤፖ፣ ምን አይተው ነው እዚህ ያደረጉት?" አለ ቤረንድ። ቤረንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ በዕድሜ ለሁለቱ ልጃቸው ሊሆን ይችላል።

"ነጥቡን ነዋ። ክብ፣ ቆንጆ ነጥብ" አለ ኤፖ ከምድጃው በኩል።

"እዚህ ነጥብ የለም።"

"እንግዲያ ማውሱም እንደኔ አርጅቷል። አዳልጦት ይሆናል።"

"ጀልባ ሳይመጣ ድልድዩን አነሳኸዋ!" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሁሉም ሳቁ። ኤፖም ሳቀ። ተነስቶ ወደ ስክሪኑ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ፣ ሞልቶ በሚነደው ምድጃ ውስጥ ሌላ እንጨት ጨመረ።

ሮልፊና አልሳቀችም። የሚንቀሳቀስ ድንጋይ እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ ክብ እንደማይሆን ያስተማራት ራሱ ኤፖ ነው። ደግሞም እውነተኛ እጅ ትንሽ ይስታል፤ የሷም እጅ ሁልጊዜ ትንሽ ይስታል። ያ ሰማያዊ ምልክት ግን ቀለበቱ መሃል ቁጭ ያለው በማስመሪያ የተለካ ይመስል ነበር። ባለፈው ሰሞን ኤፖ መስቀያ ላይ ያለውን ካፖርቷን "እንዴት ዋልሽ?" እንዳለው ትዝ አላት። ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር።

ሲወጡ ቤረንድ ብስክሌቷን ያዝ አድርጎ አስቆማት።

"ሮልፊና፣ እርስዎ ይቀርቡታል። አረፍ ቢሉ ጥሩ ነው ብለው ይንገሩልኝ። የክፍሉንም ቁልፍ ተቀብለው ያምጡልኝ። ለምድጃውም እየሰጋሁ ነው።"

"ምን ብዬ?"

"እርስዎ ያውቁበታል።"

አታውቅበትም። እምቢ ማለቱንም ግን አታውቅበትም።

"ቸኳዩስ?" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"የሁላችንም ዓይን ተበላሸ፤ አየነው እኮ። ጀርመን ላሉት ጓደኞቻችን እልከዋለሁ። እነሱ ግን የሚመልሱት ከፋሲካ በኋላ ነው።"

"ያኔማ..."

"ያኔማ ሄዷል።"

ሰኞ ወደ ኤፖ ዘንድ ሄደች። የሚኖረው በድሮው የድልድይ ጠባቂ ቤት ነው። ድልድዩን አሁን ከሩቅ ከተማ በማሽን ያነሱታል፤ እሱ ግን ጀልባ ሲያልፍ አሁንም ይወጣና ቆሞ ያያል። የአተር ሾርባ ጥዶ ሳለ ደረሰች። በጥቁር ዳቦና በአሳማ ስብ አቀረበላት። ጭልፋውን ሲገለብጥ ጥቂቱ ከሳህኑ ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሷ በጨርቅ ጠረገችው፤ ሁለቱም ስለሱ አልተናገሩም። ሮልፊና ሾርባዋን እስከ መጨረሻው በላች። ማንኪያዋን አስተካክላ አስቀመጠች፤ ከዚያ ደግሞ በሌላ በኩል አስተካከለችው።

"ቤረንድ ነው የላከሽ?" አላት።

"አይ። አዎ።"

"እንግዲያ ተናገሪ። ሾርባው አለቀ፤ መደበቂያ የለሽም።"

"ኤፖ፣ ሰማዩን አታየውም አይደል?"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። "የዓይን ሐኪሟ መሃሉ ሞቷል፣ ዳሩ ደህና ነው አለችኝ። አንቺን ሳይሽ ፀጉርሽ አለ፣ አገጭሽም አለ። መሃሉ ጉም ነው። አፍንጫ የለሽም። ባይኖርሽ ሳይሻል አይቀርም።"

"አፍንጫዬ ደግሞ ምን አደረገህ?"

"ምንም። ድሮም ከጀልባው ቀድሞ ነበር ድልድዩ ሥር የሚደርሰው።"

ሳይታወቃት ሳቀች። በመስኮቱ በኩል ዳክዬዎች ቦዩ ላይ ይጣላሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው በጋ። ቀለበቱ ወፍራም ነው፤ እሱን አየዋለሁ። መጀመሪያ አንዴ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ነጥቡ ከቀለበቱ አይርቅም አልኩ፤ አልራቀምም። ያንቺ ምልክት ጎኑ መጣ። በሁለተኛውም መጣ። ከዚያ ልማድ ሆነ።"

ሮልፊና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ይህን ከመናገር መንገዱን ሁሉ በእግሯ መመለስ ይቀላት ነበር። "የምናየውን እኮ ነበር የምንልክላቸው" አለች።

"አውቃለሁ። ግምቱን ይዤ ለግምቱ ምስክር ቆምኩ። እነሱ ደግሞ 'እነዚያ የዊንሱም ሽማግሎች አይተውታል' ብለው ክሩን በእኔ ምስማር ላይ ያስራሉ።" ፊቱን በእጁ አሻሸ። "ካለፈው በጋ ወዲህ የእኔ የሆነው ምልክት ሁሉ ይነሳ። ለቤረንድ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ እስክትነግሪው ይመሻል።" ቆይቶ ደግሞ፣ "ሁለተኛ ከሌለው ያንቺም አብሮ ይነሳል እኮ" አለ።

ያን አላሰበችውም ነበር። የበጋውንና የመኸሩን ማክሰኞዎች፣ የክረምቱን፣ ጣቶቿ ደንዝዘው የለካቻቸውን ሁሉ አሰበች። አንዳንዶቹን ሰረዞች መልካቸውን ሳይቀር ታስታውሳቸዋለች።

"ይነሳ" አለች።

"አዝናለሁ፣ ሮልፊና።"

"እነዚያኑ ድንጋዮች ገና ባላየናቸው ሌሎች ሰሌዳዎች ላይ ፈልጌ እንደገና እለካቸዋለሁ። ሰሌዳዎቹ የትም አይሄዱም።"

ኤፖ ሳህኖቹን ለማንሳት ተነሳና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። "ቸኳዩ ግን ይሄዳል። እሱን ማን ይለካዋል?"

"ማንም። ቅዳሜ ሁሉም አይተውታል።" ይህን እያለች ሳለ አንድ ነገር መጣላት። ቀና ብላ አየችው። "አንተ ግን ስክሪኑን አላየኸውም።"

"ምድጃው ጋ ነበርኩ። ብመጣስ ምን አያለሁ?"

"ያንተ ዓይን አልተበላሸማ።"

ኤፖ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። "ዕውር ይፈለጋል በይኛ! የት እንዳለ እንዳትነግሪኝ ታዲያ። በአፍሽ እንዳያመልጥሽ እንዳልል፣ ከአፍሽ መች ነገር ያመልጣል!"

በብስክሌት ሄዱ። እሷ ፊት ሆነች፤ እሱ የቦዩን ጠርዝ በዓይኑ ዳር እየጠበቀ ተከተላት። ውኃ ለመከላከል በተገነባው የአፈር ግድብ ላይ የበግ ግልገሎች ነበሩ። ኤፖ በሩን ከፈተ፤ ቁልፉ ሳይዳበስ ቀዳዳውን አገኘ። ምድጃውን አቀጣጠለ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ቀለበቱን አጠፋና፣ "ጠፍቷል?" ብሎ ጠየቃት። አየችና "ጠፍቷል" አለችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፊቷን ወደ ተሰነጠቀው ግድግዳ አዙራ፣ የሰሌዳዎቹን ከረጢቶች መደርደር ጀመረች።

ኤፖ ምስሉን እየደጋገመ አሳደገው፤ የሰማዩ ቅንጣት ምስር እስኪያህል ድረስ። ቀጥ ብሎ አላየውም። የደከመ ኮከብ በዓይን ጎን ነው የሚታየው፤ ይህን ሰማይ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቁራሽ በቁራሽ፣ ፊቱን ገደድ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሮልፊና ከኋላዋ የወንበሩን መንቋቋት ትሰማለች። ከረጢቶቹን ደርድራ ጨርሳ ነበር፤ በትና እንደገና ደረደረቻቸው። ባዶ ሰማይ ላይ ምልክት ቢያደርግስ? ዝም ማለት አለባት፤ ልማዱ ነው። ዝም ማለት ደግሞ እንዲህ ከብዷት አያውቅም።

"አንድ ነገር አለ" አለ በመጨረሻ። "ሰረዝ ነገር። ወይ ደግሞ የዓይኔ ሽንቁር ነው።"

"አልመልስልህም።"

"መች ጠየቅሁሽ?"

ማውሱ ቀጭ አለ።

ቤረንድ ስልክ ተደውሎለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ፤ እጁ ላይ ጠመኔ ነበር። ምልክቶቹን ከፈተ። ሰማያዊው መሃል አልነበረም። ከታች፣ በሰረዟ ጭራ ላይ፣ ግማሹ በርሷ ላይ ግማሹ ከርሷ ወጥቶ አርፏል። ሮልፊና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ቤረንድ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለውን ርቀት አየ። "ከለመድነው ይሰፋል" አለ።

"ስፋቱን ጻፈው" አለ ኤፖ። "ከእጄ የወጣው እውነት ይህን ያህል ሰፊ ነው። እንዲያ ብለህ ላከው። ከእንግዲህ አልለካም፤ ይቺ የመጨረሻዬ ናት።" ከዚያ ያለፈውን በጋ፣ ቀለበቱን፣ የሚነሱትን ምልክቶች ሁሉ፣ ምንም ሳያሳምር ነገረው።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"የእርሳቸውም?" ቤረንድ ወደ ሮልፊና አየ። ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ፤ የሚቆጣ መስሎ ነበር፤ አልተቆጣም። "እንግዲህ ለነሱ ደብዳቤ መጻፍ የኔ ዕዳ ነው" አለና የቸኳዩን ቦታ ላከ። ስፋቱንም ጻፈ።

ሲወጡ ኤፖ ምድጃውን አዳፍኖ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "ቅዳሜ ቀደም ብዬ መጥቼ አነደዋለሁ" አለ። "ክፍሉ ካልሞቀ የዚህች ሴት ጣቶች አይታዘዙላትም። እንደገና የምትለካው ብዙ አላት።" ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ በግድቡ ሥር ሄደ።

ቤረንድና ሮልፊና አንድ መንገድ ናቸው። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር።

"ቁልፉን አልተቀበሏቸውም?" አላት ጎን ለጎን እየነዳ።

"አልጠየቅሁትም።"

"ነገ ይጠይቋቸዋል?"

አንገቷን ዝቅ አድርጋ ፔዳሉን ገፋች።

ቸኳዩን ከፋሲካ በፊት በደቡብ ያለ አንድ ቴሌስኮፕ አገኘው፤ ክሩ ባመለከተው አቅጣጫ፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ። ቤረንድ የቁልፉን ነገር ከዚያም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አነሳባት፤ አንዴ ሰሌዳ እየወለወለች ነበር፣ አንዴ ካፖርቷን እየለበሰች። ሁለቱንም ጊዜ "እሺ" አለችው። ኤፖን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።